ጉልበትና ክርን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር)





 ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ታሪክና ስለ እርሻ ልማት መልካም መልካም ነገር አሰምተዋችኋል። እኔ ግን ሩቅ ሳልሄድ፣ እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ ይዛችኋቸው ስለ መጣችሁት ሁለት ነገሮች ልናገር አስቤአለሁ። እነርሱም ጉልበትና ክርን ናቸው። ነገሩ ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን መጨረሻው ላይ እንደምታዩት፣ የልጅን እጅ ከመቆረጥ ሊያድን የሚችል ዕውቀት በውስጡ ይገኛልና በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

አስቀድመን ቋንቋችንን እንመልከት። ጉልበት በአማርኛ አንድም የእግር ማጠፊያ ነው፤ አንድም ኃይል ማለት ነው። ብርቱውን ሰው ጉልበተኛ እንለዋለን፤ የቀን ሠራተኛም ጉልበቱን ሸጦ ያድራል። ሙሽሮች ከቤት ሲወጡ የወላጆቻቸውን ጉልበት ይስማሉ፤ እነርሱን ለማሳደግ የወጣውና የወረደው ያ ጉልበት ነውና ተገቢ ነው። ክርን ደግሞ ሌላ ክብር አለው። ሸማ የሚለካው በክንድ ነው፤ ክንድም ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ለታላቅ ሰው ውሃ ስናቀርብ ቀኝ እጃችንን ዘርግተን ግራችንን ከክርናችን ሥር እንደግፋለን። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን ጉልበትን የኃይል ስፍራ፣ ክርንን ደግሞ የመለኪያና የመስጠት ስፍራ አድርገው ዐውቀውታል ማለት ነው። የሳይንስ ሊቃውንት አጥንቱን ገልጠው ሲመረምሩ ያገኙትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

አሁን የሁለቱን ዝምድና እንይ። ጉልበትና ክርን በአንድ ንድፍ የተሠሩ ወንድማማቾች ናቸው። ከትከሻ እስከ ክርን አንድ አጥንት አለ፤ ከዳሌ እስከ ጉልበትም አንድ አጥንት አለ። ከክርን በታች ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይወርዳሉ፤ ከጉልበት በታችም እንዲሁ ሁለት ናቸው። በሁለቱም ስፍራ የአጥንቶቹ ጫፍ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳና አንጸባራቂ ነገር ተሸፍኗል። በዙሪያቸውም እንደ ከረጢት ያለ ሽፋን አለ፤ በውስጡ የእንቁላል ነጭ ውሃ የሚመስል ወፈር ያለ ፈሳሽ አለና ማጠፊያው ሳይፋቅ ይንሸራተታል። የበር ማጠፊያ ዘይት ካልተቀባ እንደሚንጫጫ ታውቃላችሁ። የእኛ ማጠፊያ ግን ዘይቱን ራሱ እየሠራ ራሱ ይቀባል።

ወንድማማቾቹ ግን ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። ክርን እጅን ወደ ፊት ያጥፋል፤ ጉልበት እግርን ወደ ኋላ ያጥፋል። የዚህም ምክንያት በእናት ማኅፀን ይገኛል። በሁለተኛው ወር የሕፃኑ እጅና እግር እንደ ትንንሽ እምቡጦች ብቅ ካሉ በኋላ፣ እጁ ወደ ውጭ፣ እግሩ ወደ ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ የክርን ሹል ወደ ኋላ፣ የጉልበት ፊት ወደ ፊት ሆኖ ቀረ።

አሁን ደግሞ ልዩነታቸውን በገዛ አካላችሁ እንድትፈትኑት እለምናለሁ። በወንበር ላይ ያላችሁ ሁሉ ክርናችሁን ከጎናችሁ አስጠግታችሁ እጃችሁን ወደ ፊት እጠፉ። መዳፋችሁን እንደሚቀበል ሰው ወደ ላይ አድርጉ፤ ቀጥሎም ወደ ታች ገልብጡ። ክርኑ ከስፍራው ሳይነቃነቅ መዳፉ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። አሁን ጉልበታችሁ እንደ ታጠፈ ሳለ ተረከዛችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ የእግራችሁን ጣቶች ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። ጥቂት ብቻ ትዞራለች። እግራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ብትዘረጉት ደግሞ በጉልበት በኩል ያችም ጥቂት መዞር ትቀራለች። ይህ ልዩነት ከወዴት መጣ?

በክርን ሦስት አጥንቶች ይገናኛሉ። የላይኛው አጥንት ጫፍ እንደ ክር መጠቅለያ ቱቦ ወገቡ ሰርጎድ ያለ ነው። ከታች ካሉት ሁለቱ አንዱ እንደ መንጠቆ ሆኖ ያንን ወገብ አቅፎ ይይዘዋል፤ ጠረጴዛ ስንደገፍ የሚያርፈው ሹል የዚሁ መንጠቆ ጀርባ ነው። ሁለተኛው አጥንት ራሱ ክብ ነው፤ ክቡም ራስ እንደ ቀለበት ባለ ጅማት ተከቦ በቀለበቱ ውስጥ ይሽከረከራል። መዳፋችን የሚገለበጠው በዚህ ነው። እንጀራ መጋገር፣ ቁልፍ ማዞር፣ ብዕር መያዝ፣ ጉርሻ ማጉረስ ሁሉ ያለዚህ ቀለበት አይሆንም። እጃችንን ስንዘረጋም የመንጠቆው ጫፍ ከላይኛው አጥንት ጀርባ ባለ ጉድጓድ ገብቶ «በቃ» ይለናል። ስለዚህ የክርን ጽናት በይበልጥ ያለው አጥንት በአጥንት ውስጥ በመግባቱ ነው።

ጉልበት ግን እንዲህ አይደለም። የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ሁለት ድንቢጥ ድንቾች ክብ ክብ ነው፤ የቅልጥሙ አጥንት አናት ግን እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ ነው። ሁለት ድንች በሰፌድ ላይ ብታስቀምጡ እንደሚንከባለሉ የታወቀ ነው። እንዳይንከባለሉ የሚያደርጓቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ በግራና በቀኝ የተቀመጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ ያሉ ሁለት የልም አጥንት ትራሶች ናቸው። ሁለተኛው፣ አራት ብርቱ ጅማቶች ናቸው፤ ሁለቱ በጎንና በጎን ያሉ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ከመካከል እንደ መስቀል ተሻግረው የተጠላለፉ ናቸው። በላይም የጭን ጡንቻ ከፊት ይወጥረዋል። በዚያ ጡንቻ ጅማት ውስጥ ሎሚ የምንለው ክብ አጥንት ተሰክቶ ይገኛል፤ ሎሚው ጅማቱን ከማጠፊያው ራቅ ስለሚያደርገው፣ ጡንቻው በትንሽ ድካም ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ይረዳዋል። ቀጭኑ የባት አጥንት ግን ከጉልበቱ ማጠፊያ አይገባም፤ በጎን በኩል ዝቅ ብሎ ይያያዛል እንጂ። በአጭሩ፣ ክርን የሚጸናው በአጥንቱ አገጣጠም ሲሆን፣ ጉልበት የሚጸናው በማሰሪያው ነው።

ይህ ሁሉ የሆነው የሁለቱ አገልግሎት ስለሚለይ ነው። ጉልበት ተሸካሚ ነው። በሜዳ ላይ ስንራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበታችን ላይ የሚያርፈው ኃይል የሰውነታችን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ያህል ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ ከ100 እስከ 150 ኪሎ የሚያህል ጫና በየእርምጃው ይቀበላል። እናቶቻችን ማገዶ አዝለው ዳገት ሲወጡ ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት ይቻላል። ሰፊውና ጠፍጣፋው አናት፣ ትራሶቹም ጭምር፣ ይህን ጫና ለማከፋፈል የተመቹ ናቸው።

ክርንም ቢሆን ሥራ ፈት አይደለም። አምስት ኪሎ ዕቃ በመዳፋችን ይዘን እጃችንን አጥፈን እንቁም እንበል። ዕቃው ከክርን 35 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ የክንድ ጡንቻ የተያያዘው ግን ከማጠፊያው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በፊዚክስ እንደ ተማርነው 35ን ለ5 ብናካፍል 7 ይሆናል፤ ስለዚህ ጡንቻው አምስቱን ኪሎ ለመያዝ 35 ኪሎ በሚያህል ኃይል ይጎትታል። ኃይሉን የሚከፍለው ግን በከንቱ አይደለም፤ ጡንቻው ጥቂት ሲያጥር እጁ ብዙ መንገድ ይሄዳልና በለውጡ ፍጥነትን ይገዛል። ጉልበት ሸክምን እንደ መረጠ፣ ክርን ቅልጥፍናን መረጠ ማለት ነው።

ወላጆቼ ሆይ፤ በአዊ ምድር ስለ ጉልበት ተናግሮ ፈረስን መርሳት ነውር ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ ያ ሁሉ ፈረስ ሲጋልብ ያላየ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ታዲያ የፈረስ ጉልበት ወዴት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ብዙ ሰው የፊት እግሩን መካከል ያሳያችኋል። እርሱ ግን በእኛ አካል ከእጅ አንጓ ጋር የሚመሳሰል ነው። እውነተኛው የፈረስ ክርን ከደረቱ አጠገብ፣ የኮርቻው የሆድ ማሰሪያ በሚያልፍበት አካባቢ ነው። እውነተኛው ጉልበት ደግሞ በኋላ እግሩ ከሆዱ ጎን ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሎሚም አለው። ከዚያ በታች ወደ ኋላ ሹል ሆኖ የሚታየው ቁርጭምጭሚቱ ነው።

በፈረስ ክርን ሁለቱ የታችኛው ክንድ አጥንቶች አንድ ሆነው ተጣብቀዋል፤ ስለዚህ ፈረስ መዳፍ አይገለብጥም፤ እጁም እግር ሆኗል። በጉልበቱ ግን ድንቅ ነገር አለው። የሎሚው ጅማት በጭኑ አጥንት ጉብታ ላይ ሲንጠለጠል ጉልበቱ ይቆለፋል፤ በዚህም ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል። አንዱን የኋላ እግር አሳርፎ፣ የኮቴውን ጫፍ ብቻ መሬት አስነክቶ ቆሞ ስታዩት፣ የቆመበትን ጉልበት ቆልፎት እንደሚያርፍ ዕወቁ።

ፈረስ በአራቱ ይቆማል፤ እኛ ግን በሁለት ጉልበት ብቻ እንቆማለን። ይህ የሰው ጠባይ ከመቼ ጀመረ ለሚለው ጥያቄ ትልቅ ማስረጃ የተገኘው በዚችው በአገራችን ነው። በ1966 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973) ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በአፋር ምድር በሐዳር አንድ የጉልበት መገጣጠሚያ አገኘ። ዕድሜውም ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ድንቅነሽ በዚያው በሐዳር የተገኘችው ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1967 ዓ.ም. ነው። ከእርሷ በፊት የቀደመው እንግዲህ ያ ጉልበት ነበር።

ጉልበቱ እንዴት ተናገረ? የሰው የጭን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ጉልበቶቻችን ከሰውነታችን ሥር ተቀራርበው ስንራመድ አንወላገድም። የቺምፓንዚ የጭን አጥንት ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሁለት እግሩ ሲሄድ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። የሐዳሩ ጉልበት እንደ እኛው ያዘነበለ ሆኖ ተገኘ። በዚህም ባለቤቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድ እንደ ነበረ ታወቀ። ጉልበት የሰውነትን ሸክም በሙሉ ሲቀበል፣ እጅ መሬት ከመርገጥ ነጻ ወጣ፤ ክርንም ለመሥሪያ፣ ለመጻፊያና ለመስጫ ተረፈ። ስለዚህ ዛሬ በብዕር የምንጽፍ ተማሪዎች ለጉልበታችን ባለ ዕዳዎች ነን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ማናቸውም ነገር የሚሰበረው በሚያገለግልበት በኩል ነው። ጉልበት ሸክም ተሸካሚ ስለ ሆነ በእርጅና ጊዜ ልም አጥንቱ እየሳሳ ያማል፤ የአያቶቻችን ጉልበት ዳገት ላይ የሚያስቸግራቸው ለዚህ ነው። በማሰሪያ የጸና ስለ ሆነም፣ እግር ኳስ ተጫዋች እግሩን መሬት ላይ እንደ ተከለ ሰውነቱን ድንገት ሲያዞር ከመካከል ያለው ጅማት ይበጠሳል። ክርን ደግሞ በእጅ ተደግፈው ሲወድቁ ይጎዳል። ከፈረስ ወይም ከዛፍ የወደቀ ሕፃን እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ፣ ከክርን ከፍ ብሎ ያለው ቀጭኑ የአጥንት ክፍል ይሰበራል። በልጆች ክርን ላይ ከሚደርሰው ስብራት ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው። ሌላም አለ፤ ከአንድ እስከ አራት ዓመት የሆነውን ሕፃን በአንድ እጁ አንጠልጥለን ብንጎትተው፣ ያ ክቡ ራስ ከቀለበቱ ሊያፈተልክ ይችላል። ስለዚህ ሕፃን ሲነሣ በሁለቱ ብብቱ ይያዝ እንጂ በእጁ አይጎተት።

ጉልበትና ክርን በአንድ ነገር ግን እጅግ ይመሳሰላሉ። ወደ እጅ የሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ የሚያልፈው በክርን መታጠፊያ ፊት ለፊት፣ ከአጥንቱ አጠገብ ነው። ወደ እግር የሚወርደውም በቋንጃ በኩል፣ ከጉልበት ጀርባ አጥንቱን ተጠግቶ ያልፋል። ዋና ዋናዎቹ ነርቮችም አብረው ይጓዛሉ፤ ክርናችን ከጠርዝ ጋር ሲጋጭ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረን አንዱ ነርቭ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ስፍራዎች አጥንት ሲሰበር ወይም ሲወልቅ የሚያሰጋው አጥንቱ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በታች ያለው እጅ ወይም እግር በሙሉ ነው።

በአገራችን አንድ ሰው ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሾቻችንን ለመንቀፍ አልቆምሁም። ሐኪም ቤት በሌለበት ዘመን ስንቱን ሰው ያቆሙ፣ በሌሊት ቢጠሩ የማይለግሙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ እርሱም አጥብቆ ማሰር ነው። በደጋችን የሚበቅለው ቀርከሃ ቀላልና ጠንካራ ስለ ሆነ ስንጥሩ ለመደገፊያ የተመቸ ነው። ሆኖም የተሰበረ እጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ስንጥሩ ዙሪያውን ጠብቆ ከታሰረ እብጠቱ ወደ ውጭ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ የደሙም መንገድ ይዘጋል። ጡንቻ ደም ካጣ ስድስት ሰዓት ያህል ሲያልፍ ይሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጣቶቹ እንደ ጥፍር ተኮማትረው ይቀራሉ፤ ወይም እጁ ጠቁሮ ይቆረጣል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የሕፃናት እጅና እግር ከሚቆረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው እንደ ሆነ ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። ያሳዝናል፤ ስብራቱ ራሱ ግን በደኅና ቢታከም የሚድን ነበር።

ነገሩ መድኃኒት የሌለው አይደለም። በጉራጌ ምድር በሚገኘው በአጣጥ ሆስፒታል ወጌሾችን በክብር ጠርተው ስለዚሁ አደጋ አስተማሯቸው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በታተመው ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ ከትምህርቱ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር ቀነሰ። ሕይወትን የለወጠው ውድ መሣሪያ አልነበረም፤ ዕውቀት ነበር።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ልናስታውሰው የሚገባን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ክርን ወይም ጉልበት ሲጎዳ አይታሽ፣ በኃይልም አይጎተት። ባለበት ሁኔታ በጨርቅ ወይም በሰሌዳ በዝግታ ተደግፎ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሁለተኛ፤ ማሰሪያው አንድ ጣት በሥሩ የሚያስገባ ያህል ላላ ይበል፤ ዙሪያውንም አይግጠም። የእጅና የእግር ጣቶች ሁልጊዜ እንዲታዩ ክፍት ይሁኑ።

ሦስተኛ፤ ጣቶቹ በየሰዓቱ ይታዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ልጁ ሊያንቀሳቅሳቸው ካልቻለ፣ ወይም ሕመሙ እየጨመረ ሄዶ ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታ። ነገ ጠዋት አይባልም። ልጅ ሲያለቅስ «ይቻለው፣ ሊድን ነው» ብሎ ዝም ማለት ሊያስቆርጠው ይችላል።

አራተኛ፤ ክርን ለብዙ ሳምንት ታስሮ ከቆየ ደርቆ ይቀራልና፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ ቀስ በቀስ ማንቀሳቀስ ይገባል። ይኸውም በማሸት ሳይሆን ልጁ በራሱ ጡንቻ እንዲያጥፈውና እንዲዘረጋው በማድረግ ነው።

ክቡራን ወላጆች፤ የፊደልን ጥቅም ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራኖቼ ሲያስረዱን፣ የተማረ ሰው የሚታወቀው ለጎረቤቱ በሚጠቅመው ነገር ነው ይሉን ነበር። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌሎቻችን ወደ ሥራ እንሄዳለን፤ ከዳንግላም ከእንጅባራም የመጣን ሁላችን ግን በየመንደራችን ወጌሻ አለን። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ እያንዳንዳችን በመንደራችን ላለው ወጌሻ፣ ልጅ ለአባቱ እንደሚናገር በአክብሮት ሄደን፣ «አባባ፣ እጅዎ የተባረከ ነው፤ ማሰሪያውን ግን ላላ ያድርጉልን፤ ጣቶቹን ይዩልን» እንበለው። የሚመጣው ጥር 23 ቀን ሳይደርስ፣ ፈረሱም ሳይጋልብ፣ ሕፃናቱም ከኮርቻ ሳይወድቁ ይህን ብናደርግ፣ የትምህርት ቤታችንን በዓል በጭብጨባ ብቻ ሳይሆን በሥራም አከበርነው ማለት ነው።

ለጉልበታችሁ ብርታትን፣ ለክንዳችሁም ሥራን እመኛለሁ።